የቱሉ ዙሪያ እርምጃ

ቱሉን አንድ ጊዜ ለመዞር ሠላሳ አምስት ደቂቃ ይበቃል። ዳገቱ ለሽማግሌም አይከብድም። መንገዱ ከቤታችን ጀርባ ካለው ቦኖ ውኃ ይነሣና በባሕር ዛፉ መካከል በስተቀኝ ይወጣል፤ ትከሻው ላይ ሲደርስ ይስተካከልና ኮረብታውን እንደ መቀነት ይዞረዋል፤ ከዚያ በስተግራ ቁልቁል ወርዶ እዚያው ቦኖ ውኃው ጋ ይመልሳል። «ቱሉ» በኦሮምኛ ኮረብታ ማለት መሆኑን ያወቅሁት ኮሌጅ ከገባሁ በኋላ ነው። እኛ የሠፈሩ ልጆች «ቱሉ ኮረብታ» እያልን ነው ያደግነው፤ ለካ ኮረብታ ኮረብታ ስንል ኖረናል።

በ1970 ዓ.ም.፣ ከታኅሣሥ መባቻ እስከ ጥምቀት ዋዜማ፣ ይህን መንገድ ከአባቴ ጋር አርባ ጠዋት ዞሬዋለሁ። ሰባት ዓመቴ ነበር። በእያንዳንዱ ጠዋት ልንገደል የምንሄድ ይመስለኝ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በመጋረጃ ነው። ቤታችንን ለሁለት የሚከፍለው አንድ አሮጌ መጋረጃ ነበር፤ ያን ዕለት አመሻሽ ላይ እኔ ከመጋረጃው ጀርባ፣ ከእኅቴ ከጽጌረዳ ጋር በምንተኛበት አልጋ ላይ ተጋድሜ ነበር። አልጋው ሰፍቶኛል። ጽጌ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች፤ ከሦስት ሳምንት በፊት «ደብረ ብርሃን፣ አክስትህ ዓለምነሽ ዘንድ ሄዳለች» ተባልሁ። ትምህርት ቤት ሳይዘጋ፣ ደብተሮቿን ሁሉ ትታ፣ እኔን እንኳ ሳትስመኝ መሄዷ ቅር ብሎኝ ነበር።

እንግዳችን ጋሼ ዋቅቶላ ነው። ጎረቤታችን ነበር፤ ሆስፒታል ቁስል የሚያጥብና የሚያሽግ ድሬሰር። ሁልጊዜ አዮዲን አዮዲን ይሸታል። ጴንጤ ነው እየተባለ የሠፈሩ ሰው ከሩቅ ሰላም የሚለው ሰው ነበር፤ አባቴ ግን ከዘመድም አብልጦ ያምነዋል።

«እንግዲህ እርምጃው ነገ ጠዋት ይጀመር» አለ ጋሼ ዋቅቶላ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ነገ?» አለች እናቴ።

«ምን ያቆየናል፣ እትዬ ሙሉእመቤት? ወረቀቱ ተፈርሟል። ማኅተምም አለው።»

«የት ነው የሚሆነው?»

«ቱሉ ላይ ነዋ። ሌላ ቦታ አያዋጣም።»

አባቴ ሳል ሳል አደረገው። «ዋቅቶላ፣ የእኔን ዓይን ታውቀዋለህ። እባክህ…»

«አውቃለሁ፣ ጋሼ ወልዱ። ለዚህ እኮ ነው ዓምሃን ይዘው ይውጡ የምልዎት።»

«ልጁን?» አለች እናቴ። «ገና ሰባት ዓመቱ ነው! ምንም አይገባውም።»

«አለመግባቱ ነው ጥሩው። ደግሞ ከነልጁ የሚሄድን ሰው ማን ይጠረጥረዋል?»

ውጭ ላይ የማን እንደሆነች እንጃ አንዲት ላም ጮኸች። በመጨረሻ አባቴ፣ «እሺ። ሁለታችንም እንሄዳለን። በቃ» አለ።

እኔ ብርድ ልብሱን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ ተኝቼ ቀረሁ። እርምጃ የሚለውን ቃል አውቀዋለሁ። የማያውቀው ልጅ አልነበረም። ሬዲዮው «አብዮታዊ እርምጃ ተወሰደባቸው» ሲል ትልልቆቹ ድምፁን ይቀንሱታል። እኛ ደግሞ አባሮሽ ስንጫወት የተነካው ልጅ «እርምጃ ተወስዶብሃል!» ይባላል፤ ዓይኑን ጨፍኖ መሬት ላይ ይጋደማል፤ ጨዋታው እስኪያልቅ አይነሣም። በጥቅምት ወር የእነ ባጫ ትልቁ ልጅ እርምጃ ተወሰደበት ተባለ። እሱ ጨዋታው ካለቀም በኋላ አልተነሣም።

አባቴ ማተሚያ ቤት የእርሳስ ፊደል የሚለቅም ሠራተኛ ነበር። ስኳር በሽታ ዓይኑን ካደከመው ወዲህ ፊደሎቹን በጣቱ እየዳሰሰ ይለይ ነበር ይባላል። «የእኔን ዓይን ታውቀዋለህ፣ እባክህ» ሲል፣ ስለ ዓይኑ ታዝኖለት እንዲማር የሚለምን መሰለኝ። ልመናው ሳይሰማለት ቀርቶ እኔም የተጨመርሁበት መሰለኝ።

በማግስቱ ጠዋት እናቴ እግሬን በሞቀ ውኃ አጠበችኝ። የመስቀል ልብሴን አለበሰችኝ። ሥራ ቀን ነው፤ በዓል አይደለም። ጉንጬን ሦስት ጊዜ ሳመችኝ፤ ከዚያ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞራ ቆመች። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ እፈልጋለሁ?

ቦኖ ውኃው ጋ ቶሎሳ ቆሟል። ቶሎሳ የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ነው። ጠመንጃው ከትከሻው እየተንሸራተተ ያስቸግረዋል።

«ቁሙ! በጠዋት ወዴት ነው?»

አብሮን የነበረው ጋሼ ዋቅቶላ ወረቀቱን ሰጠው። ቶሎሳ ጣቱን በቃላቱ ሥር እያስኬደ ጮክ ብሎ አነበበ። «ጓድ ወልዱ… የስኳር ሕመምተኛ በመሆናቸው… በየጠዋቱ… ለግማሽ ሰዓት… እርምጃ…» ቀና ብሎ ሳቀ። «እርምጃ! ሰማህ፣ ዋቅቶላ? እኛ እርምጃ ስንወስድ አገር ይታመማል፤ ሐኪም እርምጃ ሲያዝ መድኃኒት ነው!»

አባቴ ሳቀ። ጋሼ ዋቅቶላም ሳቀ። ሰዎች ስለ ሞታችን እንዲህ እየሳቁ መነጋገራቸው ከጠመንጃው ይልቅ አስፈራኝ።

«ይሄስ ትንሹ? እሱም አለበት?» አለ ቶሎሳ።

«አለበት» አለ አባቴ፣ እጄን ጠበቅ አድርጎ። «ካሁኑ ይልመድ ብዬ ነው።»

«በሉ እሺ። ቶሎ ጨርሱት።»

የመስቀል ሱሪዬ በውስጥ በኩል ሞቀኝ፤ ከዚያ ቀዘቀዘኝ። ለማንም አልተናገርሁም።

ወረቀቱ ላይ የተጻፈው የእግር እርምጃ ነበር። ሐኪሙ ለስኳር በሽተኛ ሁሉ የሚያዘው ነው። ዛሬ ይህን ስጽፍ ቀላል ይመስላል፤ ያን ጊዜ ግን ቃሉ ሌላ ትርጉም የነበረው አይመስለኝም። ለእኔ ብቻም አልነበረም፤ ቶሎሳ ሲያነብ አባቴ የያዘኝ መዳፍ ላብ አጥምቆት ነበር።

ዳገቱን ወጣን። ሣሩ ላይ ውርጭ ነበር። ጋሼ ዋቅቶላ ጥቁር ቦርሳውን አንጠልጥሎ ከኋላችን ይመጣል፤ ጠመንጃው ቦርሳው ውስጥ ይሆናል ብዬ በየአሥር እርምጃው ዞር እላለሁ። «ምን ረሳህ?» ይለኛል እየሳቀ። ቦርሳው ውስጥ የነበረው የደም ግፊት መለኪያና አንድ ጠርሙስ ውኃ ነው።

ትከሻው ላይ ስንደርስ አገሩ ሁሉ ባንድ ጊዜ ተከፈተ። በስተሰሜን እንጦጦ እንደ ጠቆረ ግድግዳ ቆሟል። ከአዲሱ ገበያ ወደ ጎጃም በሚወጣው መንገድ እንጨት የተጫኑ አህዮች ተሰልፈው ይወርዳሉ። በስተምዕራብ፣ ከሸጎሌ በላይ፣ የከብት አቧራ፤ ከአቧራው ኋላ ወጨጫ። በስተደቡብ ከተማው፤ ቆርቆሮው ሁሉ ፀሐይ እየተቀበለ ያብለጨልጫል፤ ከሁሉም ርቆ፣ ሰማዩ ጫፍ ላይ፣ ዝቋላ እንደ ተደፋ ድስት ተቀምጧል። ያን ያህል ነገር ባንድ ጊዜ አይቼ አላውቅም ነበር። ከመገደላችን በፊት አገራችንን እንድናይ ነው እዚህ ያመጡን፣ አልሁ በልቤ። እንባዬ መጣ፤ በንፋስ አሳበብሁ።

አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ጋ ስንደርስ አባቴ «የጫማዬ ክር ተፈታ» ብሎ ተቀመጠ። ክሩ አልተፈታም። ጋሼ ዋቅቶላ የአባቴን የእጅ ትርታ ያዘና ሰዓቱን ማየት ጀመረ።

«ዓምሃዬ፣ ዓይንህ ጎበዝ ነው አይደል?» አለ አባቴ። «እስቲ የሚታይህን ንገረኝ።»

ሁሉንም ነገርሁት። አህዮቹን፣ የጳውሎስን ሆስፒታል ጣራ፣ ዝቋላን። እሱ ግን ጆሮው ሌላ ነገር ይጠብቃል።

«ከታች፣ ከጅረቱ ወዲህ፣ የድሮው ወፍጮ ቤት ግቢ ይታይሃል?»

«ይታየኛል።»

«በጓሮው በኩል የአጥር ሽቦ አለ። የተሰጣ ልብስ አለ?»

«አንድ አለ። ቢጫ ነው። ሹራብ ነው።» ቆየት ብዬ፣ «የጽጌን ሹራብ ይመስላል፣ አባባ» አልሁ።

አባቴ እጄን ጨመደደው። «የጽጌ አይደለም። ጽጌ ደብረ ብርሃን ናት። ይህን ለማንም እንዳትናገር! ለቶሎሳም፣ ለማንም። ገባህ?» እንዲህ ባለ ድምፅ ተናግሮኝ አያውቅም። ጋሼ ዋቅቶላ ዓይኑን ጨፍኖ «ጌታ ሆይ ተመስገን» አለ፤ የአባቴን እጅ ለቀቀው።

ዙሩን ጨርሰን ወረድን። ቶሎሳ ዝም ብሎ አሳለፈን። እናቴ ደጃፉ ላይ ነበረች።

«ስኳሩስ?» አለች።

«ደህና ነው። ዛሬ ደህና ነው።»

እናቴ እዚያው ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አደረገች። እኔም ያን ጊዜ ነገሩ የገባኝ መሰለኝ። ቱሉ ላይ ፈተና አለ። ድንጋዩ ጋ እጠየቃለሁ፤ ቢጫ ሹራብ ካየሁ እርምጃው ለነገ ይተላለፋል። ካላየሁ ይወሰዳል።

አሁን የማውቀውን እዚህ ላይ ልናገር። ያ ወፍጮ ቤት ከባለቤቱ ከተወረሰ በኋላ እስር ቤት ሆኖ ነበር። ጽጌ እዚያ ነበረች። እናቴ «ሆስፒታል ለተኛ ሰው» እያለች በየቀኑ በምሳ ዕቃ የምትወስደው ምግብ የሷ ነበር። በር ላይ ያሉት ጠባቂዎች ምግቡን ይቀበላሉ፣ ባዶውን ዕቃ ይመልሳሉ፤ ሰውየው ይኑር ይሙት አይናገሩም፤ የሞተ ሰው ምግብም ይቀበሉ ነበር። ጋሼ ዋቅቶላ የተገረፉትን እግር እንዲያሽግ ሁለት ጊዜ ወደ ውስጥ ተጠርቶ ነበርና ከጽጌ ጋር የተነጋገሩት ያን ጊዜ ነው፦ ጠዋት ለመጸዳዳት ሲያወጧት ሹራቧን ጓሮው ሽቦ ላይ ትሰቅላለች፤ ቤተሰቧ ከኮረብታው ያያል። በመንገድ ላይ ቆሞ ወደ ግቢው ማየት ያስይዛል። የሚዞር በሽተኛ ግን ማንም አይጠይቀውም። የጎደለው ዓይን ብቻ ነበር፤ እሱ ደግሞ እኔ ነበርሁ።

አሥራ ዘጠኝ ጠዋት አየሁት። ጋሼ ዋቅቶላ ከሳምንት በኋላ መምጣቱን አቆመ፤ ወደ ግቢውም መጠራቱ ቀርቶ ነበር። እኔና አባቴ ብቻችንን ሆንን። ልማድ ፍርሃትን ይቀንሳል ይባል ይሆናል፤ የእኔን አልቀነሰውም። በየጠዋቱ የባሕር ዛፎቹን እቆጥር ነበር፤ ሰባ ሁለተኛው ዛፍ ጋ ትከሻው ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ የአባቴን እጅ በሁለት እጄ እይዛለሁ። ቶሎሳ አንድ ቀን ኪሱ ውስጥ ያለውን ቆሎ ዘግኖ ሰጠኝ። ልመረዝ ነው ብዬ እጄ ላይ ይዤው ዙሩን ሁሉ ዞርሁ። ስለ እሱ ስጽፍ ፍርድ እንዳላጎድል እጠነቀቃለሁ፤ ያን ጊዜ ሃያ ዓመት የሞላው አይመስለኝም፤ በኋላ ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ተልኮ አልተመለሰም። ቆሎው ቆሎ ብቻ ነበር።

የገብርኤል ማግስት፣ ታኅሣሥ ሃያ፣ ስንወጣ ጉም ነበር። ጉሙና የየቤቱ የእንጨት ጭስ ተደባልቆ ከኮረብታው በታች ያለውን ሁሉ እንደ ወተት ሸፍኖታል። እንጦጦ የለም። ዝቋላ የለም። ቱሉ ብቻዋን ደሴት ሆናለች። አባቴ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠና እንደ ወትሮው ክሩን ነካካ። ድንገት ጉሙ እንደ መጋረጃ ከአንድ በኩል ገለጥ አለ፤ ወፍጮ ቤቱ ታየኝ፤ ጓሮው ታየኝ፤ ሽቦው ታየኝ።

ምንም የለበትም።

ከኋላችን ቅጠል ተንኮሻኮሸ፤ መጡ አልሁ። ጉሙ መልሶ ገጠመ።

«ዓምሃ?» አለ አባቴ። ድምፁ ቀጭን ነበር።

«አለ» አልሁ።

«ምኑ?»

«ሹራቡ። አለ።»

አባቴ ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። ቆይቶ ቆይቶ «እሺ» አለና ተነሣ። ዙሩን ጨርሰን ወረድን። ማንም አልተኮሰብንም። እንግዲህ ውሸትም ይሠራል ማለት ነው።

ረፋድ ላይ የዓለምወርቅ መጣች። የዓለምወርቅ ከእናቴ ጋር በጽዋ ማኅበር የምትገናኝ ጎረቤት ናት፤ የሰማችውን ይዛ መቀመጥ የማትችል ሴት ነበረች። ያን ቀን ግን በሹክሹክታ ነበር የምትናገረው፤ እኔ ደጃፉ ላይ በቆርኪ እየተጫወትሁ እሰማለሁ።

«ሙሉዬ፣ አልነገርሽኝም እንዳትይኝ ብዬ ነው… በሸጎሌ መንገድ… ዛሬ ሲነጋ… አንዲት ልጅ…»

«ማናት?»

«ፊቷን ያየ የለም። ወረቀት ለጥፈውባታል። ሹራብ ለብሳለች አሉ። ቢጫ።»

የምሳ ዕቃው ክዳን ሲወድቅ ሰማሁ። ስገባ እናቴ መሬት ላይ ነበረች። አፏን በነጠላዋ ጠቅጥቃዋለች፤ ዓይኗ ብቻ ይጮኻል። ማልቀስ ክልክል ነበር፤ ለእንዲህ ያለ ሟች ያለቀሰ ቤት ይበረበር ነበር። የዓለምወርቅ ትከሻዋን ይዛ «ዋጥ አድርጊው፣ እኅቴ፣ ዋጥ አድርጊው፣ ግድግዳው ስስ ነው» ትላለች። አባቴ ከጓዳ እየዳበሰ ወጣ። የሰማ ይመስለኛል፤ ፊቱ አመድ ሆኗል።

እናቴ ነጠላውን ከአፏ አወጣች። «ምግቡን ለማን ልውሰድ? ለማን ነው የምወስደው?»

አባቴ ጎንበስ ብሎ እጄን ፈለገ፤ አገኘው። እሷ ፊት ለፊት አቆመኝ።

«ዓምሃ። ለእናትህ ንገራት። ዛሬ ጠዋት ሽቦው ላይ ምን አየህ?»

እዚያ ቤት ውስጥ የነበሩት ሦስት ትልልቅ ሰዎች እኔን ያያሉ። መዋሸቴን ከተናገርሁ እኔና አባቴ ነገ ቱሉ ላይ እርምጃ ይወሰድብናል፤ የእናቴ ለቅሶ ለእኛ መሰለኝ፤ አስቀድማ የምታለቅስልን።

«ሹራቡን» አልሁ።

«በዓይንህ አየኸው?» አለች እናቴ።

«አየሁት። አንዱ እጅጌ ወደ ታች ተንጠልጥሏል። እርጥብ ነው።»

እጅጌውን ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። እናቴ ግን ያን እጅጌ ይዛ ተነሣች። የምሳ ዕቃውን ክዳን ከወደቀበት አንሥታ በነጠላዋ ጠረገችው፤ ገጠመችው፤ ወጣች። የዓለምወርቅ «እንግዲያ የሌላ ሰው ልጅ ናት፤ ተመስገን» አለች፤ ወዲያው የተናገረችው ለራሷ ተሰማትና አፏን በእጇ ያዘች።

ከዚያ በኋላ ሃያ ጠዋት «አለ» አልሁ። ሽቦው አንድም ቀን ሹራብ አልነበረበትም። በከተራ ዕለት፣ እኛ ዞረን ከወረድን በኋላ፣ ቱሉ ላይ የጥበቃ ድንኳን ተተከለ፤ መውጣት ተከለከለ፤ እኔም ፈተናውን ጨረስሁ ብዬ በዓሉን ስቦርቅ ዋልሁ። እናቴ ግን ምግቡን ሳታቋርጥ እስከ ሐምሌ አመላለሰች።

ሐምሌ ላይ፣ ዝናብ እየዘነበ፣ ጽጌ ገባች። ጸጉሯ ተላጭቷል፤ ክንዷ እንደ እንጨት ቀጥኗል፤ የምትራመደው በእግሯ ጠርዝ ነው። አክስቴ ዓለምነሽ ክፉ ሴት መሆን አለባት ብዬ ደመደምሁ፤ ለዓመታት ደብረ ብርሃን እንሂድ ሲሉኝ አልቅሼ እቀር ነበር።

እውነቱን ያወቅሁት ዘጠነኛ ክፍል ሆኜ ነው። እናቴ ለእንግዳ ስታጫውት ሰማኋት። «ይሄ ልጅ ዓይኑ ባይኖር ቤቱ ፈርሶ ነበር» አለች። «ሰው ሁሉ ሞታለች ሲለኝ እጅጌዋን ሳይቀር አየልኝ። እኔማ ምግቡን ላቆም ነበር፤ ምግብ የቀረባትን እኮ ጠያቂ የላትም እያሉ አንድ ጥግ ይሰበስቡ ነበር፤ ከዚያ ጥግ የተመለሰ የለም።» እንግዶቹ ራሴን ደባበሱኝ። «የዓምሃ ዓይን» በቤታችን ተረት ሆኖ ቀረ። እኔ ፈገግ ብዬ ዝም አልሁ። አባቴ እዚያው ተቀምጦ ነበር፤ ያን ጊዜ ጨርሶ አያይም። እሱም ዝም አለ። ከሁለት ዓመት በኋላ በዚያው በሽታው ሞተ።

ባለፈው ጥቅምት ጽጌ ራሷ «ቱሉን አሳየኝ» አለችኝ። አሁን አስተማሪ ናት፤ ሁለት ልጆች አሏት። ከተፈታች ወዲህ ወጥታ አታውቅም። ሠላሳ አምስት ደቂቃ ይበቃል ብያለሁ፤ ከሷ ጋር አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀብን። እግሯ ድንጋይ አይወድም። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ ዝቋላ ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ጠፍጣፋው ድንጋይ ጋ ስንደርስ ቆምሁ።

«ከዚህ ነበር የምታየው?»

«ከዚህ።»

ተቀመጠች። ወፍጮ ቤቱን ብዙ ጊዜ አየችው። ጣራው ተነቅሏል፤ አጥሩ ግን አለ።

«ሹራቡን ለሠርካዲስ ሰጥቻት ነው» አለች። «የሸጎሌ ልጅ ነበረች። ሰው የላትም፤ እማማ ከምታመጣው አብረን ነበር የምንበላው። በገብርኤል ማታ ስሟን ጠሯት። በስስ ቀሚስ ናት። ‹ይበርዳል፣ ጽጌ› አለችኝ። እንዴት ብዬ አልሰጣት?»

«ጽጌ፣ እኔ ከገብርኤል በኋላ…» አልሁ።

«አውቃለሁ።»

«ምን ታውቂያለሽ?»

«ሃያ አንድ ቀን የሌለ ሹራብ ስታይ ነበራ!» ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ። «አባባ ሳይሞት ነግሮኛል። ‹ያን ጠዋት ጉም ነበር› አለኝ። ‹ጉም ከእኔ ዓይን እንኳ አያመልጥም። ልጁ ግን አለ አለኝ።›»

«ታዲያ እማማ ፊት ለምን ጠየቀኝ?»

«የምትለውን ስለሚያውቅ ነዋ። ምሳ ዕቃውን እንድታነሣ።» በእጇ ድንጋዩን አበስ አበስ አደረገችው። «ያለሁ መስሎት አልነበረም፣ ዓምሃ። ሞታለች ብሎ ነበር። ግን ለመስማት ፈራ። ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ አንተን ይዞ የሚወጣው ‹አለ› ስትል ለመስማት ብቻ ነበር። እንዲህ አለኝ፦ ‹ልጁ ለእኔ አዝኖ ነበር የሚዋሸው።›»

ይሄንን ዝም ብዬ ማሳለፍ እችል ነበር። ደግ ልጅ ሆኜ መቅረት እችል ነበር።

«አዝኜ አይደለም» አልኋት። «ሹራቡ የለም ካልሁ የሚገድሉን መስሎኝ ነው። ‹እርምጃ› ሲሉ ሰምቼ።»

መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ ገባት። አልሳቀችም። እጄን ይዛ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው፤ እዚያ ድንጋይ ላይ አባቴ ይዞት በነበረበት ዓይነት፣ ጠበቅ አድርጋ።

ለሠርካዲስ ኮረብታ ላይ የቆመላት ሰው አልነበረም። ሬሳዋ የእኅቴን ሹራብ ለብሶ መንገድ ላይ ሲገኝ፣ በእኛ ቤት የሌላ ሰው ልጅ ናት ተብሎ ተመስገን ተባለ። ያን ጠዋት በጉሙ ቀዳዳ ባዶውን ሽቦ ያየው እኔ ብቻ ነበርሁ፤ አንድም ጊዜ ለሰው አልተናገርሁትም።

«እስቲ» አለች ጽጌ፣ አገጯን ወደ ግቢው ቀና አድርጋ። «አሁንስ ምን ይታይሃል?»

አጥሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ አየሁት፤ ጓሮውን አየሁት፤ ሽቦው ዝጎ ረግቧል፤ ፀሐይ እየመታው ነው።

«ሽቦው» አልኋት። «ባዶ ነው።»

«በደንብ አየኸው?»

«አየሁት። ምንም የለበትም።»

ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ክንዴን ይዛ ተነሣች፤ የቀረውን ዙር፣ በስተግራ፣ ቁልቁል መውረድ ጀመርን።